ቁርጥራጩን በኪሎ ሽጡልን

ለክቡር የኢንዱስትሪ ሚኒስትር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከልብስ ፋብሪካዎች የሚወጣው ቁርጥራጭ ጨርቅ ለአነስተኛ ሰፊዎች እንዲሸጥ ስለመጠየቅ

ክቡር ሚኒስትር፣

አያቴ ድሪቶ ትሰፋ ነበር። ዛሬ ቃሉ ስድብ ሆኗል፤ የእሷ ድሪቶ ግን የሚያሳፍር አልነበረም። የነተበ ነጠላ፣ የባሏ ካኪ ሱሪ ጉልበቱ ሲበሳ የተረፈው ደህናው፣ የእኛ ዩኒፎርም፣ ሁሉንም አነባብራ በድርብ ክር ታያይዘውና ብርድ የማያሳልፍ ልብስ ይወጣዋል። እኔም ዛሬ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ከአራት ሴቶች ጋር የምሠራው ያንኑ ነው፤ ጃኬት፣ የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ የግድግዳ ጌጥ።

የቲሸርት ቁርጥራጭ ስናገኝ በሁለት ጣት ስፋት እንቀደዋለን። ጫፍና ጫፉን ይዘው ሲስቡት ራሱ ተጠቅልሎ ድቡልቡል ክር ይሆናል። ጎረቤታችን ሸማኔው በጥጥ ድር ላይ ማግ ያደርገዋል። ወፍራም ስለሆነ መወርወሪያው ውስጥ አይገባም፤ በእጁ ነው የሚያሳልፈው። ከዚያ የሚወጣው ጨርቅ ለቦርሳ የሚሆን ጠንካራ ነው፣ ቀለሙም ሁለት ጊዜ አይደገምም።

ጨርቁ ምን እንደሆነ ለማወቅ ክር መዘን በክብሪት እንለኩሰዋለን። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ካለበት ይቀልጥና እንደ ጥቁር ዶቃ ይድቦለቦላል። ለአፍንጫ የሚከብድ ጭስም አለው።

ይህን ጭስ በብዛት ያሸተትኩት ባለፈው ዓመት አንድ ፋብሪካ በር ላይ ነው። ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ። ግቢው ጥግ ላይ የተቆለለው ሰማያዊና ነጭ ቁርጥራጭ በአጥሩ በኩል ይታየኛል። የጠየቅሁት 30 ኪሎ ነበር፣ ገንዘቡን ይዤ። ኃላፊው በትሕትና ነው ያስተናገደኝ፤ ከቀረጥ ነፃ የገባ ጨርቅ ስለሆነ ቁርጥራጩም ቢሆን ያለ ወረቀት ከግቢ አይወጣም፣ ከወጣም በጨረታ፣ በጭነት መኪና ነው አለኝ። በሦስተኛው ቀን ስደርስ ክምሩ እየተቃጠለ ነበር።

ክቡር ሚኒስትር፣ ልብስ ሲቆረጥ በተለምዶ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲገነባ ፍሳሹ ወደ ሐይቁ እንዳይገባ ውኃውን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም ማጣሪያ ተተክሎለታል። ለፍሳሹ ይህን ያህል የታሰበበት አገር ለጨርቁ ማሰብ አያቅተውም።

ሥራውም ተራ አይደለም። በክርና በአዝራር ስፌት የጀመረው የሥነ ጥበብ ባለሙያ ኤልያስ ስሜ በተጣለ የኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒውተር አካል ሠርቶ በ2014 ዓ.ም. በጣሊያኑ ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርኢት፣ በቬኒስ ቢየናሌ፣ ዋና ዐውደ ርዕይ ላይ ቀርቧል። እሱ የሚፈልገውን መርካቶ ገብቶ መርጦ ይገዛል። የእኛ ጥሬ ዕቃ ግን አጥር ውስጥ ነው። ቆራሌው እንኳ ከየቤቱ ጠርሙስና ቆርቆሮ ሲገዛ ጨረታ ግባ ያለው የለም።

በነፃ ስጡን አላልኩም። የንግድ ፈቃድ ያለው ወይም በማኅበር የተደራጀ ሰፊ በሳምንት አንድ ቀን ከፋብሪካው በር በደረሰኝ፣ በኪሎ እንዲገዛ የሚፈቅድ አጭር መመሪያ ይውጣልን። የቀረጡም ጉዳይ ሒሳቡ ውስጥ ይግባና እንክፈል። ፋብሪካዎቹም ጥጡን ለብቻ፣ ፖሊስተሩን ለብቻ በሁለት ማዳበሪያ ቢለዩልን የግማሽ ቀን ሥራ ይቀንስልናል።

ናሙና ካስፈለገ ጃኬቱንም ቦርሳውንም ይዤ እመጣለሁ። ቁርጥራጩ ክረምቱ ሳይገባ ከደረሰን ለመስከረም የተማሪ ቦርሳ መስፋት እንጀምራለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ሽሮ ሜዳ አካባቢ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የምትሰፋ