ደብዳቤ ለልጄ፦ ጥያቄሽን አጥብቢው

ውድ ልጄ፣

የመመረቂያ ጽሑፍሽን በሳይንስ፣ በቴክኖሎጂና በኅብረተሰብ ግንኙነት ላይ ለመሥራት መወሰንሽ በጣም አስደስቶኛል። ጓደኞችሽ «ይህ ሳይንስ ነው ወይስ ታሪክ?» እያሉ ቢሞግቱሽ ግድ የለም። እኔን ያሳሰበኝ የርእስሽ ስፋት ነው። «ቴክኖሎጂ በኅብረተሰብ ላይ ያለው ተጽዕኖ» ብለሽ ስትነሺ ገና ከጅምሩ መሣሪያውን አድራጊ፣ ሰውን ተቀባይ አድርገሻል። መሣሪያውን ግን የሚፈልገው፣ የሚከፍልለትና የሚፈቅደው ሰው ነው።

አንድ ነገር ብቻ ያዢና እስከ ሥሩ ውረጂ። በቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረውን እርሳስ የተባለ ብረት ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. በ1921 በአሜሪካው የመኪና አምራች ጄኔራል ሞተርስ ይሠራ የነበረው ቶማስ ሚጅሊ አንድ የእርሳስ ውሁድ የሞተርን መንኳኳት (ነዳጁ በትክክል ባለመቀጣጠሉ የሚሰማውን ድምፅ) እንደሚያስቀር አገኘ። እርሳስ መርዝ መሆኑ ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል። በ1924 በኒው ጀርሲ ውሁዱን ሲያመርቱ የነበሩ አምስት ሠራተኞች አእምሯቸው ታውኮ ሞቱ። በማግስቱ ዓመት ሐኪሟ አሊስ ሃሚልተን አደጋውን በይፋ ተናገረች። ሽያጩ ለጥቂት ጊዜ ቆመ፤ ከዚያ ተመልሶ ቀጠለ።

ጥናትሽ መግባት ያለበት እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ጉዳዩን ያጠኑት በአብዛኛው ኢንዱስትሪው የሚከፍላቸው ተመራማሪዎች ነበሩ። ጉዳት መኖሩ እስኪረጋገጥ ድረስ ይሸጥ አሉ፤ የማስረጃው ሸክም ጢሱን በሚተነፍሰው ሰው ላይ ወደቀ። ይህን የሰበረውም ሳይንስ ነው፤ ይህን እንዳትረሺብኝ። የምድርን ዕድሜ የለካው ክሌር ፓተርሰን ናሙናዎቹን የሚበክለው እርሳስ ከየት እንደሚመጣ ተከታትሎ፣ በ1965 በሰው አካል ውስጥ ያለው መጠን ከተፈጥሮው እጅግ የበዛ መሆኑን ጻፈ። ለመኪና ይህን ቤንዚን በመሸጥ የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ያቆመችው ግን በ2021 ነው። ከግኝቱ እስከ ፍጻሜው መቶ ዓመት!

እንዲህ ያለ ጥያቄ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ከባድ አይደለም። ላቦራቶሪ አያስፈልግሽም፤ የቆዩ ጋዜጦች፣ ቃለ ጉባኤዎችና የፈጠራ መብት ሰነዶች ይበቁሻል። በእያንዳንዱ ጥናት መጨረሻ ላይ ገንዘቡን ማን እንደሰጠ የምትገልጸውን ትንሿን አንቀጽ ከሁሉ አስቀድመሽ አንብቢ። ሰዎችን የምታነጋግሪ ከሆነም የሥነ ምግባር ኮሚቴውን ፈቃድ ቀድመሽ ጠይቂ፤ መልሱ ሊዘገይ ይችላል።

ለአማካሪሽ ከማቅረብሽ በፊት ያጠበብሽውን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈሽ ላኪልኝ።

የሚወድሽ አባትሽ