የእጅ ሥራ ዋጋም በገበያ ዓምዳችሁ ይውጣ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። የሣር ስፌት ከእናቴ ተምሬ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰፋ ብኖርም፣ የሰፋሁትን ለሽያጭ ይዤ የወጣሁት ባለፈው ወር፣ በምኖርባት የሰሜን ሸዋ ከተማ የቅዳሜ ገበያ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ከዚያ ዕለት ገጠመኜ ተነሥቼ አንድ ጥያቄ ላቀርብላችሁ እወዳለሁ።

ይዤ የሄድሁት አራት ሙዳይ፣ ሁለት ሌማትና አንድ ሰፌድ ነበር። ቦታ የሚያሳየኝ ሰው ስላልነበረ ማዳበሪያ አንጥፌ የተቀመጥሁት ሽንኩርት በሚራገፍበት መግቢያ ላይ ነው፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ የአንዱን ሌማት ጠርዝ ጭቃ ስለረጨው፣ ጀበናና ምጣድ የምትሸጥ ሴት አዝናልኝ ከጎኗ አስጠጋችኝ። የመጀመሪያዋ ገዢ አንዱን ሙዳይ አንሥታ ክዳኑን ከፍታ፣ ገልብጣም ቂጡን አይታ፣ «እማማ፣ ስንት ነው?» ስትለኝ ሳቅሁ። «የመሰለሽን ስጪኝ» አልኋት፤ 450 ብር ሰጥታኝ ሄደች። ጀበና ሻጯም ጥቂት ቆይታ፣ «እትዬ፣ ዋጋ ሲጠይቁዎት አይሳቁ፤ እርስዎ ከሳቁ ማን ዋጋ ይሰጠዋል?» አለችኝ።

ማታ ቤቴ ገብቼ፣ የመምህርነት አመል ሆኖብኝ፣ ሒሳቡን በወረቀት ሠራሁት። ያ ሙዳይ በቀን ሦስት ሰዓት ያህል እየተሰፋ 11 ቀን ፈጅቶብኛል፤ 33 ሰዓት መሆኑ ነው። ለአክርማ፣ ለስንደዶና ለቀለም 120 ብር አውጥቻለሁ። የቀረው 330 ብር ለ33 ሰዓት ሲካፈል ለሰዓት 10 ብር ይደርሳል፤ እዚያው ገበያው ዳር የጠጣሁት አንድ ሲኒ ቡና 20 ብር ነበር። በዚህ ሒሳብ ውስጥ ያላስገባሁት ድካምም አለ። ስንደዶው በመስከረም ተነቅሎ ይደርቃል፣ ይላጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ከፊሉም በቀለም ተነክሮ አለላ ይሆናል፤ ቀለሙ ከጥፍር ሥር ለመልቀቅ ቀናት ይፈጃል። ሲሰፋም በውኃ እየራሰ፣ አክርማው በወስፌ እየተበሳ፣ የአለላው ጫፍ በቀዳዳው እየገባና እየጠበቀ አንድ ዙር እስኪሞላ ድረስ ዓይን ከእጅ አይነሣም።

ጥፋቱን በገዢዋ ላይ አላደርግም፤ ዋጋ የጠየቀችው እሷ፣ መልስ ያጣሁት እኔ ነኝ። ምክንያቱ የመሰለኝን ልናገር። አፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ ማስነገራቸው ይታወቃል፤ ሸማኔውና ቀጥቃጩ ብዙ ስድብ የተሸከሙ ቢሆንም ሥራቸው ግን ሁልጊዜ በገበያ ዋጋ ነበረው። ስፌት በአንጻሩ የሴት ልጅ ጨዋነት መለኪያ ሆኖ ስለኖረ ከስድቡ ተርፏል፤ ሆኖም ለሙሽራ የሚሰጥ፣ ለጎረቤት የሚበረከት፣ በቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል እንጂ ብዙዎቻችን የሸጥነው አልነበረምና፣ ከዋጋም ተርፏል። ስጦታ ስንት ነው ተብሎ አይጠየቅም። እኔም የሳቅሁት በዚህ ይመስለኛል።

ከቀትር በኋላ አንድ ነጋዴ መጥቶ የቀሩትን ሦስት ሙዳዮች እያንዳንዳቸውን በ350 ብር በጅምላ እንድሰጠው ጠየቀኝ። አዲስ አበባ ወስዶ በዋናው ፖስታ ቤት አካባቢ ላሉ የስጦታ ዕቃ መደብሮች እንደሚያስረክብ አልደበቀኝም። የመኪናውን ኪራይና የመንገዱን ድካም ስለሚችል ትርፍ ማግኘቱን አልቃወምም። ነገር ግን እሱ የሁለቱንም ገበያ ዋጋ ያውቃል፣ እኔ አንዱንም አላውቅም፤ እንዲህ ተቀምጦ መከራከር ደግሞ ክርክር አይባልም። አልሸጥሁለትም፤ ይህም ብልሃት ሳይሆን እልህ ነበር።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው። ጋዜጣችሁ የጤፍ፣ የስንዴ፣ የቅቤና የበርበሬ ዋጋ በየጊዜው ያወጣል። በዚያው ዓምድ ግርጌ፣ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ፣ የሙዳይ፣ የሌማት፣ የመሶብ፣ የጀበናና የጋቢ ዋጋ ከሁለትና ከሦስት ከተማ ገበያ ተጠይቆ ቢወጣ፣ በየቤቱ የምትሰፋና የምትፈትል ሴት ገበያ ከመውጣቷ በፊት የምትይዘው ነገር ይኖራታል። የእጅ ሥራ አንዱ ከሌላው ስለሚለያይ አንድ ዋጋ አይወጣለትም የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን ጤፍ ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ፣ ቅቤም ለጋ፣ መካከለኛ፣ በሳል እየተባለ በየደረጃው ይጻፋል። ስፌትም አፉ ስንት ስንዝር እንደሆነ፣ ባለ አለላ ነው ወይስ ነጭ፣ ክዳን አለው ወይስ የለውም ተብሎ ቢለይ የሚያስቸግር አይመስለኝም፤ መለያዎቹን ለመጻፍም ከጠየቃችሁኝ ያለ ክፍያ እተባበራለሁ።

እስከዚያው ግን የተረፉኝን ሦስት ሙዳዮች በመጪው ቅዳሜ ይዤ እወጣለሁ። በእያንዳንዳቸው ውስጥ ስንት ቀንና ስንት ሰዓት እንደፈጁ የጻፍሁበትን ወረቀት አጥፌ አስቀምጫለሁ። የእያንዳንዳቸውን ዋጋ 900 ብር ብያለሁ፤ ቦታዬም ከጀበና ሻጯ ጎን ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ መምህርት፣ ከሰሜን ሸዋ