ይድረስ ለወንድሜ ለጌትነት፣ መሐል ሜዳ

ጌትዬ፣ እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ? ዝምታው ረዘመ፤ ይቅር በለኝ፣ ሌላውን ስንገናኝ እንጫወተዋለን። አሁን ብዕር ያስነሳኝ እህትህ ደብረ ብርሃን መጥታ ያሳየችኝ የላብራቶሪ ወረቀት ነው። ሲ አር ፒህ 6 መሆኑን አይቼ ብዙም አልደነገጥኩም። የደነገጥኩት «ቅባት የሚባል ትቷል፤ ዳቦና ማካሮኒ ነው የሚውለው፣ ሻዩም 4 ማንኪያ ስኳር ነው» ስትለኝ ነው። አንተ ግትር! አንድ ነገር ከያዝክ መቼ ትለቃለህ?

ሲ አር ፒ ሰውነት ሲቆጣ ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ለልብና ለደም ሥር ሲታይ በሊትር ከ1 ሚሊግራም በታች ጥሩ፣ ከ1 እስከ 3 መካከለኛ፣ ከ3 በላይ ደግሞ ከፍ ያለ ስጋት ነው። ግን ጉንፋን ወይም የጥርስ ሕመም ብቻውን ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ደህና ሆነህ ከ2 ሳምንት በኋላ ይደገምልህ።

ቅባቱን መቀነስህን አልነቅፍም፤ የሚያሳስበኝ በቦታው ያስገባኸው ነው። ነጭ ዱቄትና ስኳር ደም ውስጥ በፍጥነት ስኳር ይሆናሉ፤ የተረፈው ሆድ ላይ ስብ ሆኖ ይቀመጣል። እዚያ ያበጡት የስብ ሴሎች የመከላከያ ሴሎችን ይጠራሉ፣ የቁጣውም መልእክት ከዚያ ወደ ጉበት ይሄዳል። ቦርጭ ከቅቤም መጣ ከማካሮኒ ሥራው አንድ ነው። በ4 ማንኪያ 3 ሻይ ከጠጣህ 12 ማንኪያ፣ 48 ግራም ገደማ ስኳር ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ቢቻል ከ25 ግራም አይለፍ ይላል። መጀመሪያ ሻዩን።

ዘይት ላይ ልመለስ። ጠዋት በብርድ ጀሪካኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚረጋውን ተው፤ የፓልም ዘይት ነው፣ ግማሽ ያህሉም የሚረጋ ቅባት ነው። የዚህ ዓይነት ቅባት ሲበዛ ከአንጀት የባክቴሪያ ቅንጣት ይዞ ወደ ደም ያሻግራል፣ የመከላከያ ሴሎችም ይነሣሉ። ኑግና ሱፍ ብርዱ ላይም ፈሳሽ ናቸው። የኑግ ዘይት ያስቆጣል የሚሉህን አትስማቸው፤ በውስጡ የሚበዛው ቅባት በሰው ላይ ሲፈተን የቁጣ ምልክቶችን አልጨመረም። ብስኩት ተጠብሶበት የጠቆረውን ግን ድፋው።

ከሁሉ በላይ ተልባ እንድትጀምር ፈልጌ ነው፤ ሁዳዴም እየገባ ነውና ይመችሃል። ለቅመህ በለስላሳ እሳት አመስ አድርገው፣ መንጣጣት ሲጀምር አውርድ። ከጠቆረ ይመርራል፣ ጥሩው ቅባትም ይበላሻል። ፍሬውን እንዳለ ብትውጠው እንደገባ ይወጣል፤ ስለዚህ ይፈጭ። የተፈጨው ቶሎ ይበላሻልና የሳምንት ብቻ አስፈጭተህ ክዳኑ ግጥም ባለ ብልቃጥ አስቀምጥ፤ የቤት ቀለም ከሸተተህ ጣለው። በቀን 2 የሾርባ ማንኪያ ኦሜጋ 3 ከሚባለው ጥሩ ቅባት 3 ግራም ገደማ ይሰጥሃል። ውኃ ጨምርበት፣ አለዚያ ሆድ ያደርቃል። መድኃኒት ካለህ ሰዓቱን አራርቀው። ሰውነት ይህን ወደ ዓሣው ዓይነት ኦሜጋ 3 የሚለውጠው ጥቂቱን ብቻ ስለሆነ ተአምር አትጠብቅ።

ዳቦውንስ በምን እንተካው ካልክ፣ መንዝ ተቀምጠህ ገብስ ትጠይቀኛለህ? ቅንጬና ቆሎ አድርገው። የገብስ ቤታ ግሉካን የሚባለው የሚሟሟ አሰር በፍሬው ሁሉ የተሰራጨ ስለሆነ ሲሸከሸክም አይጠፋም፤ ከሱ በቀን 3 ግራም ኮሌስትሮል ይቀንሳል። የአንጀት ባክቴሪያዎች ደግሞ አሰሩን አብላልተው የአንጀትን ግድግዳ የሚመግብ አሲድ ይሠሩበታል። በሶ የላመ ስለሆነ ስኳሩ ከቆሎ ፈጥኖ ይወጣል፤ ብትበላውም ማር አታብዛበት። ባቄላ፣ አተር፣ ምስር ከጎኑ ይኑር።

አንድ ነገር ደግሞ... እህትህ ስለ ጉልበትህ ነግራኛለች። እንዴት እንደምልህ አላውቅም፣ አንተ ሐኪም ቤት አትወድም። ጠዋት ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ እንደ ደረቀ የሚቆይ ከሆነ ወይም ካበጠና ከሞቀ፣ ተልባና ገብስ አይጠበቅበትም፤ በዚህ ሳምንት ወደ ሐኪም ሂድ። የሁለተኛውን ምርመራ ቁጥር በእህትህ ስልክ ላክልኝ፣ መድኃኒት ካዘዙልህም ስሙን ጨምርልኝ።

ወንድምህ፣ ደብረ ብርሃን