ስሙ ቶዮታ ቢሆንም ሞተሩ የድሮው አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ቶዮታ መኪኖች በየጋራዡና በየታክሲ ማዞሪያው የሚነገሩ ሁለት አባባሎች አሉ። አንዱ «ቶዮታ አይሞትም» ይላል። ሌላው «የድሮው ቶዮታ ቀረ፣ የአሁኑ ቆርቆሮ ነው» ይላል። በመኪና ጥገና ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ሁለቱም አባባሎች ደህና ሞተሮችን እያስገደሉ ስለሆነ ነው። የመጀመሪያው ባለቤቱን ቸልተኛ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ከአያያዝ የመጣውን ጉዳት ሁሉ በፋብሪካው ላይ ያላክካል። ጉዳዩ ዛሬ ከወትሮው ይበልጥ ያሳስበናል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወድዶታል፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። አገር ውስጥ ያለው ቪትዝና ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት ማገልገል አለበት ማለት ነው።

ኩባንያው ስሙን ያገኘው በማይበላሽ መኪና አይደለም። መሥራቹ ቤተሰብ የሽመና ማሽን ሠሪ ነበር። ሳኪቺ ቶዮዳ እ.ኤ.አ. በ1924 (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያወጣው አውቶማቲክ የሽመና ማሽን ክር ሲበጠስ ራሱን በራሱ ያቆማል፤ ሠራተኛው መጥቶ ክሩን እስኪቀጥል ድረስ የተበላሸ ጨርቅ አይሸምንም። ልጁ ኪይቺሮ በ1933 በዚያው ፋብሪካ ውስጥ የመኪና ክፍል ከፈተ። በ1935 የወጣው ጂ1 የተባለው የመጀመሪያ የጭነት መኪናቸው በየመንገዱ ይቆም ነበር። ባለሙያዎች ወደቆመበት እየሄዱ የተሰበረውን ዕቃ እያዩ ዲዛይኑን አስተካከሉ። ቶዮታ ሞተር ራሱን ችሎ የተቋቋመው ኦገስት 28 ቀን 1937 ነው። ከጦርነቱ በኋላ ታይቺ ኦኖ የተባለው መሐንዲስ የሽመና ማሽኑን ሐሳብ ወደ ሞተር ፋብሪካው አመጣው፤ ጉድለት ያየ ሠራተኛ መስመሩን ማስቆም ይችላል፣ ይገባዋልም። ከዚያ ቤት ነው በ1951 የላንድ ክሩዘር አባት የሆነው ቢጄ፣ በ1966 ኮሮላ፣ በ1967 ሃይስ፣ በ1968 ሃይሉክስ የወጡት።

አገራችን ውስጥ ለቶዮታ ስም የሰጡት የካርቡሬተሩ ዲኤክስ ኮሮላ፣ የናፍጣው ሃይስና ባለ 1ኤችዜድ ሞተሩ ሀርድ ቶፕ ላንድ ክሩዘር ናቸው። 1ኤችዜድ ስድስት ሲሊንደር፣ 4,164 ሲሲ፣ ያለ ቱርቦ የሚሠራ ሞተር ነው። ከትልቅነቱ አንጻር የሚጠየቀው ጉልበት ትንሽ ነው፤ ፖምፓው ሜካኒካል ነው፣ ብሎኩ ብረት ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ብዙ በደል ይችላል። በ2005 የወጣው የቪትዝ 1ኬአር ሞተር ግን 996 ሲሲ፣ ሦስት ሲሊንደር፣ የአሉሚኒየም ብሎክ፣ ክብደቱም 69 ኪሎ ገደማ ነው። ዳይሃትሱ ነው የነደፈው፤ ከአንድ ሊትር በታች በሆኑ ሞተሮች ምድብ ከ2007 እስከ 2010 በተከታታይ የዓመቱ ሞተር ተብሎ ተሸልሟል። ጥሩ ሞተር ነው፤ ነገር ግን ዲኤክስን በያዝንበት እጅ ከያዝነው አይቆይም።

ብዙ ቴስታታ (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚደፍነው የሞተሩ ራስ) የሚጣመመው በውሃ ነው። «እኛ አገር በረዶ ስለሌለ ኩላንት (ለሞተር ማቀዝቀዣ የተዘጋጀው ፈሳሽ) አያስፈልግም» የሚለው ወሬ ያደረሰውን ጉዳት ማንም ጋራዥ ያውቀዋል። የአዲስ አበባ ከፍታ 2,350 ሜትር አካባቢ ነው፤ በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የቪትዝ ፋን የሚነሳው ደግሞ ከ93 እስከ 96 ዲግሪ ላይ ነው። የራዲያተር ክዳኑ ግፊት ካልያዘ፣ ፋኑ ከመነሳቱ በፊት ውሃው ቴስታታው ውስጥ መፍላት ይጀምራል ማለት ነው። ደህና ክዳን ግን ግፊቱን ስለሚጨምር የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ከመነካቱ በፊት ክዳኑ ይታይ። ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ይከፈት፤ ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል የግፊት ቁጥር አለ፣ የሚተካውም በዚያው ቁጥር ነው። ከሥሩ ያለው ጎማ ከደረቀ፣ ከተሰነጠቀ ወይም የዝገት ቅርፊት ከያዘ፣ መሐሉ ላይ ያለችው ትንሽ ቫልቭም በጥፍር ስትሳብ ተከፍታ ካልተመለሰች ክዳኑ ይጣል። በጣም ርካሽ ከሆኑት ዕቃዎች አንዱ ነው፣ የሚያድነው ግን ሙሉ ሞተር ነው።

የቧንቧ ውሃ ሌላም ጣጣ አለው። አሉሚኒየሙን ይበላል፣ የውሃ ፖምፓውን ማኅተም ያደርቃል፣ ቀጫጭን የራዲያተር ቱቦዎችን በጨው ይደፍናል። የቶዮታ ሮዝ ኩላንት ተበርዞ የሚመጣ ነው፤ በፋብሪካው መመሪያ መጀመሪያ በ160 ሺሕ፣ ከዚያ በየ80 ሺሕ ኪሎ ሜትር ይቀየራል። ቀዩ ዓይነት በየ40 ሺሕ ወይም በየሁለት ዓመቱ ነው። ሁለቱን አትደባልቁ። ቪትዝ የሚይዘው ከ4 እስከ 5 ሊትር ነው። ሲቀየር የድሮው ከራዲያተሩ ሥር ባለው መክፈቻ ይፈስሳል፤ ጥርት ያለ ውሃ እስኪወጣ ይታጠባል፤ የውስጥ ማሞቂያው ሙቅ ላይ ተደርጎ አዲሱ ቀስ እየተባለ ይሞላል። ክዳኑ ሳይዘጋ ሞተሩ ይነሳና የላይኛው ጎማ እስኪሞቅ ይጠበቃል፣ ያን ጊዜ አየሩ ይወጣል፤ የጎደለው ተሞልቶ ክዳኑ ይዘጋል። በማግሥቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ እንደገና ይታያል። ይህች የማግሥት ምርመራ ስትዘለል ነው «ኩላንት ከቀየርኩ በኋላ ጋለብኝ» የሚባለው።

ቴርሞስታት (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋው ቫልቭ) አውጥቶ መጣል ደግሞ ይቁም። በቤንዚን ሞተር ላይ ኮምፒውተሩ ሞተሩን ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው ብሎ ስለሚያስብ ቤንዚን ያበዛል፤ ትርፉ ቤንዚን ዘይቱን ያቀጥነዋል። በ1ኤችዜድና በሃይስ ናፍጣ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት አቋራጩን መንገድ የሚዘጋው እሱው ነው። ከወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀርና የጋለው ውሃ ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ሙቀት ለመቀነስ የወጣው ዕቃ ዳገት ላይ ሙቀት ይጨምራል። ከ2005 ወዲህ የወጡት ቪትዞች የሙቀት መለኪያ ቀስት የላቸውም፤ ያላቸው ሰማያዊና ቀይ መብራት ብቻ ነው። ቀዩ ከበራ መቆም ነው፤ «እስከ ጋራዥ ላድርሰው» አይባልም። ውሃው ፈስሶ ካለቀ ሙቀት ለኪው በአየር ውስጥ ስለሚቀር ቀዩ ላይበራም ይችላል።

ወደ ዘይት እንምጣ። 1ኬአር ከነፊልትሮው የሚወስደው 3.1 ሊትር ነው፤ የ1,500 ሲሲው 1ኤንዜድ 3.7 ሊትር። ዘይቱ የሚሸጠው ግን በ4 ሊትር ጀሪካን ስለሆነ በየዘይት ቤቱ ጀሪካኑ ተገልብጦ ያልቃል። ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ትርፍ ሲኖር ኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል። አረፋ ደግሞ ግፊት አይይዝም፤ የእነዚህ ሞተሮች የካቴና (በሞተሩ ውስጥ የሚዞረው ሰንሰለት) መወጠሪያና የቫልቭ ጊዜ መቆጣጠሪያ የሚሠሩት በዘይት ግፊት ነው። ጠዋት ሲነሳ የሚሰማው የካቴና ጩኸት፣ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ሰማያዊ ጭስ፣ ላብ የመሰለው የዘይት ማኅተም ብዙ ጊዜ ከዚህ ይጀምራል። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ከጠፋ አምስት ደቂቃ በኋላ በዘይት መለኪያው ይታይ፤ ልኩ ከላይኛው ምልክት አይለፍ። ለአዲስ አበባ አቧራና መጨናነቅ 5 ሺሕ ኪሎ ሜትር ጥሩ መቀየሪያ ነው። ከ1ኬአር የሚሰማው መንቀጥቀጥ ባለቤቶችን ያስጨንቃል፤ ሦስት ሲሊንደር በመሆኑ ጥቂቱ ተፈጥሮው ነው፣ የበዛ ከሆነ ግን ሞተሩን የተሸከሙት ጎማዎችና ካንዴላዎቹ ይታዩ።

በናፍጣው በኩል ልዩነቱ የሰፋ ነው። የድሮዎቹ 3ኤልና 5ኤል ሃይሶች ኢንጀክተር (ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨው ዕቃ) የሚከፈተው ከ200 ባር በታች በሆነ ግፊት ነው። በ2ኬዲና በ1ኬዲ ሃይሉክስና ሃይስ፣ ሕዝቡ አባዱላ በሚላቸውም ጭምር፣ ግፊቱ ከ1,300 ባር ያልፋል። ነዳጅ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር በጀሪካን የሚቀዳው ናፍጣ ውስጥ ያለች የውሃ ጠብታ ለ5ኤል ሳል ናት፤ ለ2ኬዲ ግን ኢንጀክተሩን የምትፍቅ አሸዋ ናት። የናፍጣ ፊልትሮው ሥር የውሃ መክፈቻ አለ፤ ሁለት ዙር ያህል ይላላና ላዩ ያለው የእጅ ፖምፓ እየተጫነ ንጹሕ ናፍጣ እስኪወርድ ይፈስሳል። የፊልትሮ መብራት እስኪበራ መጠበቅ አያስፈልግም፣ ክረምት ላይ በተለይ።

እዚህ ላይ ለፋብሪካው አንከራከርም፤ የ1ኬዲ ሞተር የራሱ ድክመት አለው። ከኢንጀክተሩ ሥር ያለችው የመዳብ ቀለበት ማሳለፍ ስትጀምር የተቃጠለው ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባል፣ ጥቀርሻው ዘይቱን ያወፍረዋል፣ ከኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ውስጥ ያለው የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይደፈናል። መጨረሻው ኩሽኔታ (ኮሎው የሚዞርበት ተሸካሚ) መብላት ነው። ምልክቱ ጠዋት ሲነሳ የሚሰማ ጠንካራ ኳኳታና ከዘይት መሙያው የሚወጣ የጭስ ሽታ ነው። ኢንጀክተር ሲወጣ ቀለበቱ ሁልጊዜ አዲስ ይሁን፤ ኮፓው ወርዶ ወንፊቱ ይታይ፤ ኢንጀክተሩ ከተቀየረ ላዩ ላይ የተጻፈው ኮድ በመመርመሪያ ኮምፒውተር ይግባ። ኮዱ ሳይገባ «አዲስ ኢንጀክተር አስገባሁ፣ ያው ነው» ማለት ትክክል አይሆንም።

ቺንጋው (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ፣ ካምሻፍቱን፣ የሚያዞረው ቀበቶ) ላይ አጭር እንሁን። ኤል ሞተሮች በየ100 ሺሕ፣ ኬዲ ሞተሮች በየ150 ሺሕ ኪሎ ሜትር የካምሻፍት ቺንጋ ይቀየርላቸዋል። ሰዓቱ ሲደርስ በብዙዎቹ ዳሽቦርድ ላይ መብራት ይበራል፤ መብራቱን ቺንጋውን ሳይቀይሩ ማጥፋት የሚችል ሰው በየቦታው አለ፣ ይህ ደግሞ ወንጀል ሊባል የሚገባው ሥራ ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቭ ከፒስተን ይጋጫል። ሲቀየር መወጠሪያው አብሮ ይቀየር፤ ምልክቶቹ ከተገጣጠሙ በኋላ ሞተሩ በቁልፍ ከመነሳቱ በፊት ኮሎው በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ዞሮ ምልክቶቹ እንደገና ይታዩ።

የድሮው ቶዮታም የአሁኑም ከስሕተት ነጻ ሆኖ አያውቅም። በ2009 እና 2010 በነዳጅ መርገጫና በምንጣፍ ምክንያት ሚሊዮኖች መኪና ተጠርተዋል፤ የዚያን ጊዜው የኩባንያው ፕሬዚዳንት አኪዮ ቶዮዳ በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርበው ተጠይቀዋል። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን የሚያውቋት ከ2007 እስከ 2009 የተሠራችው ባለ 2.4 ሊትር ካምሪ በፒስተን ፋሻዋ ዘይት ትበላ ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የምናየው የኤሌክትሪክ ቢዜድ4ኤክስ በ2022 እንደወጣ የጎማ ማሰሪያው እየላላ ለምርመራ ተጠርቷል። ጥሩው ነገር እንዲህ ያለው ጉድለት በይፋ መነገሩ ነው። ባለቤት የሆነ ሁሉ የመኪናውን የሻሲ ቁጥር ይዞ ጥሪ እንዳለበት ማጣራት ይችላል፤ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ተገዝቶ የመጣም ቢሆን ይህን ማድረግ ይገባዋል።

ስለ መለዋወጫ፤ ሶማሌ ተራ ሲወርዱ «የቪትዝ ፊልትሮ ስጠኝ» ማለት አይበቃም። በበሩ ምሰሶ ወይም በሞተሩ ክፍል ውስጥ የተለጠፈችው ቆርቆሮ ላይ የሞዴል ኮድ አለ። ኬኤስፒ ብሎ ከጀመረ ሞተሩ 1ኬአር ነው፤ ኤስሲፒ ከሆነ የኤስዜድ፣ ኤንሲፒ ከሆነ የኤንዜድ ቤተሰብ ነው። የሦስቱ ዕቃ በአብዛኛው አንዱ ለሌላው አይሆንም፤ ውጪያቸው ግን አንድ ይመስላል። ኮዱን በስልክ ፎቶ አንስቶ መያዝ ሁለት ጊዜ ከመመላለስ ያድናል።

ለጋዜጣችሁ አንድ ጥያቄ አለን። የሚሸጡ መኪኖች ማስታወቂያ ስታወጡ «ቪትዝ፣ ንጹሕ፣ ያልተነካካ» የሚለው ብቻ እንዳይሆን፣ ሻጩ የሞተሩን ኮድ፣ የናፍጣ ከሆነ ቺንጋው የተቀየረበትን ኪሎ ሜትርና ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ኩላንት ይሁን ውሃ እንዲጽፍ ብትጠይቁት። ሦስት ቃል ቢጨመር ነው፤ ገዢው ግን ከመክፈሉ በፊት ክዳኑን ከፍቶ እንዲያይ ያነሳሳዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የመኪና ጥገና ባለሙያዎች
አዲስ አበባ