አንቺ የጣና ልጅ፣ ስለ አንዲት ኩሬ ላማክርሽ

አንቺዬ እንዴት ነሽ ግን? ልጆቹስ፣ እማማስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? መቼም ስሜን ስታዪ "ይቺ ደግሞ ከየት ተገኘች" ሳትይ አትቀሪም፣ በዓል ሲደርስ ከምንላላካት የአደይ አበባ ፎቶ ውጪ ተጠፋፍተን ከረምን እኮ። በድምፅ ልልክልሽ ነበር፣ ነገሩ ግን ረዘም ስለሚል ልጻፈው አልኩ፣ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው። እኔ ደህና ነኝ፣ ስራውም ያው ነው፣ የኛን ወሬ በስልክ እናወራዋለን።

የምጽፍልሽ ስለ ኩሬ ነው፣ አትሳቂ። እዚህ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ፣ ሰፈራችን ካለው ፓርክ ውስጥ አንዲት ኩሬ አለች፣ አመሻሽ ላይ ሀበሻው ሁሉ ወክ የሚያደርግባት፣ ከአገር ቤት የመጡ እናቶች ነጠላቸውን ለብሰው ቁጭ ብለው ዝይ የሚያዩባት። መጀመሪያ የተቆፈረችው ለውበት ሳይሆን የዝናብ ጎርፍ እንድትቀበል ነው፣ ከአስፋልቱ ከፓርኪንጉ ከሳሩ የሚወርደው ሁሉ የሚገባው እሷ ውስጥ ነው፣ አሁን በደለል ሞልታ መሃሏ ላይ እንኳን ውሃው ከጉልበት አያልፍም። ሰመር ላይ አረንጓዴ ትለብሳለች፣ አልጌው ሲሞትና ሲበሰብስ ደግሞ ኦክስጅኑን ይጨርሰውና አሳው ተገልብጦ ይንሳፈፋል፣ ሽታው በረንዳችን ድረስ ነው የሚመጣው። ይሄን ላንቺ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው፣ እምቦጭ ጣና ላይ ከታየ ጀምሮ ከሱ ጋር ስትታገይ የኖርሽ ሰው ነሽ።

እና ጥቂት የሰፈር ሰዎች ተሰበሰብንና ግራንት እንጠይቅ ተባለ፣ እኔ የእድሩን ደብተር ስለምይዝ ወዲያው ጸሐፊ አደረጉኝ። የመጀመሪያውን ፕሮፖዛል የጻፈልን አንድ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፣ ውይ ሲያነቡት ያስለቅሳል፣ እናቶቹ አሉ፣ ዝዮቹ አሉ፣ ህጻናቱ አሉ። ገንዘብ የሚሰጡት ሰዎች አንብበው ምን ቢሉን ጥሩ ነው? "በዓመት ስንት ፓውንድ ፎስፈረስ ትቀንሳላችሁ?" ያንን አልጌውን የሚያፋፋውን ማለታቸው ነው። በቃ፣ ይቺን ብቻ!

እኔ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፣ በኋላ ሳነበው ግን ገባኝ። እዚህ የሚዘንበው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ቼሳፒክ ቤይ የሚባለው የባህር ሰላጤ ነው የሚገባው፣ ስድስት ስቴትና ዋሽንግተን ዲሲ ወደዛ ነው የሚፈሱት፣ በፈረንጆቹ 2010 የፌደራል መንግስቱ ለሁሉም ጣሪያ አወጣላቸው፣ ናይትሮጅን በ25 በመቶ፣ ፎስፈረስ በ24፣ ደለል በ20 እንዲቀንሱ። ከዛ ወዲህ እያንዳንዱ ከተማ ሂሳቡን በፓውንድ ነው የሚያወራርደው። ቨርጂኒያም በ2013 ለዚሁ የጎርፍ ውሃ ስራ ፈንድ አቋቁማ እስከ ግማሽ ወጪ ትሸፍናለች፣ ግን የምትሰጠው ለከተማና ለካውንቲ አስተዳደር ነው፣ ለኛ አይነቱ የሰፈር ማህበር አይደለም። እዚሁ ከተማ ሌክ ኩክና ቤን ብሬንማን ፓርክ ያሉት ኩሬዎች የታደሱት ከዚህ ፈንድ እየታገዙ ነው። ስለዚህ ትልቁን ብር የምንለምነው ከፈንዱ ሳይሆን ሲቲውን ነው፣ እኛንም ሰልፍ ውስጥ አስገቡን እያልን ማለት ነው።

ለኛ የሚሆን ትንሽ ፈንድ ግን አለ፣ ከመኪና ታርጋ የሚመጣ። ሸርጣን የተሳለበት ታርጋ አለ እዚህ፣ ሰው በዓመት 25 ዶላር ጨምሮ ይገዛዋል፣ 15ቱ ለቤዩ ማገገሚያ ይሄዳል፣ ከሱ ላይ ለማህበራትና ለትምህርት ቤቶች ይሰጣሉ። በሱ ኩሬ አይጠረግም ግን ዳርቻዋ ላይ ተክል ይተከላል፣ ዝዮቹን ዳቦ አታብሉ የሚል ሰሌዳም ይቆማል (በአማርኛም ይጻፍልን ብያለሁ፣ የዳቦው ነገር የማን እንደሆነ ስለማውቅ)።

አንዳንዱ ነገር ደግሞ ያስቃል። ማች አምጡ ይሉሻል፣ እነሱ ሲሰጡ አንቺም የምታዋጪው ማለት ነው፣ ብር ከሌለሽ የፈቃደኞች ጉልበት ይቆጠርልሻል፣ አንድ ሰዓት ከ30 ዶላር በላይ ተተምኖ። ቅዳሜ ጠዋት ቆሻሻ የለቀሙት እናቶች ይሄን ሲሰሙ እርስ በርስ ተያዩ፣ ለደቦ ማን ሰዓት ቆጥሮ ያውቃል። ግን ለስም ዝርዝርና ለፊርማ እድርተኛን የሚያህል የለም፣ ወረቀታችን ቅልብጭ ያለ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ። እዚህ ቴይለር ራን የሚባል ጅረት አለ፣ ሲቲው በዛው ፈንድ ሊያስተካክለው ነበር፣ ነዋሪው ዛፋችን ሊቆረጥ ነው ብሎ ተነሳና ሲመረመር የፎስፈረሱ ሂሳብ የተሰራው በቦታው አፈር ሳይሆን ከሌላ ቦታ በመጣ አማካይ ቁጥር ሆኖ ተገኘ፣ ነዋሪዎቹ አፈሩን ራሳቸው ሲያስመረምሩት በጣም ያነሰ ወጣ፣ በ2021 ካውንስሉ ፕሮጀክቱን አቆመው። እኔ ከዛ የያዝኩት ነገር የራሳችንን ጭቃ ሳናስለካ አንዲት ቁጥር አንጽፍም የሚል ነው። አንዳንዶቹ ፎርሙ ላይ ያለውን አማካይ ሙሉና ላኩት ይሉኛል፣ እሺ አልልም።

ስለዚህ አስለካን፣ ጎርፉ ከሚገባበት ቱቦ አፍ፣ ከመሃል፣ ከመውጫው። የላቦራቶሪው ወረቀት እጄ ላይ ነው፣ ማንበቡን ግን እኔ አልችልበትም። ማወቅ የምፈልገው ፎስፈረሱ በየዝናቡ ከውጭ የሚገባው ነው የሚበዛው ወይስ ታች የተኛው አሮጌ ደለል ነው የሚለቀው? ከውጭ ከሆነ መግቢያው ላይ ደለል የሚያስቀር ትንሽ ኩሬ እንጠይቃለን፣ ከታች ከሆነ ግን ወይ መጥረግ ነው፣ ጭቃውን ማድረቅና በመኪና ማመላለሱ ደግሞ ገንዘቡን ይበላዋል፣ ወይ ያ የውሃ ማጣሪያዎች የሚጠቀሙበት፣ ፎስፈረሱን ታች አስሮ የሚያስቀረው አልሙኒየም ሰልፌት ነው። አንዱ የኮሚቴ አባል አልሙኒየሙን ወዶታል ርካሽ ነው ብሎ፣ እኔ ግን እፈራለሁ፣ ሲያትል ግሪን ሌክ የሚባል ሐይቅ ላይ በ1991 አድርገው በ2004 ደገሙ፣ በ2016 እንደገና ሰለሱ፣ ለዛ ሁሌ ማን ግራንት ይሰጠናል?

ፎቶውን በቴሌግራም ልኬልሻለሁ፣ ሲመችሽ እይውና ቅዳሜ ባንቺ ማታ፣ በኔ ጠዋት እንደዋወል፣ ዴድላይኑ ቀርቧል። ደግሞ በጀቱ ላይ "የባለሙያ ምክር" የምትል መስመር አለች፣ ስምሽን ላስገባው ወይስ እንደ እናቶቹ በሰዓት ልቁጠርሽ?