የመስታወት መከላከያ ሲሰበር ምን ይቀራል?

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

አዲስ ቤት የሚሠሩ ሰዎች ለደረጃና ለበረንዳ ጠርዝ ከብረትና ከእንጨት ይልቅ የመስታወት መከላከያ መምረጣቸው እየተለመደ መጥቷል። ምርጫውን አልነቅፍም፤ ብርሃን ሳይጋርድ ጠርዝን የሚዘጋ ሌላ ነገር ማግኘት ያስቸግራል፣ ሕፃናትም እየረገጡ የሚወጡበት አግዳሚ ብረት አያገኙበትም። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሣሁት ግን በባለቤቱና በሠራተኛው መካከል ዘወትር የሚነሣው ጥያቄ «ውፍረቱ ስንት ሚሊሜትር ነው?» የሚለው ብቻ መሆኑ ስለሚያሳስበኝ ነው። ከዚህ መቅደም ያለበት፣ መስታወቱ የተሰበረ ዕለት ጠርዙ ላይ ምን እንደሚቀር መጠየቅ ነው።

ቴምፐርድ የሚባለው መስታወት ከ600 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ከጋለ በኋላ በኃይለኛ የአየር ንፋስ በፍጥነት እንዲቀዘቅዝ ስለሚደረግ፣ ላዩ እንደ ታመቀ ውስጡ ደግሞ እንደ ተወጠረ ይቀራል። ተመሳሳይ ውፍረት ካለው ተራ መስታወት አራት እጥፍ ያህል የሚጠነክረው በዚህ የተነሣ ነው። ሆኖም ሚዛኑ አንድ ጊዜ ከተናጋ ያው ውጥረት መስታወቱን በሙሉ በቅጽበት ወደ ጥቃቅን ስብርባሪ ይለውጠዋል። ስብርባሪው እንደ ተራ መስታወት ረጅምና ስለታም ስላልሆነ ይህ ጠባይ ለበር መልካም ነው፤ በበረንዳ ላይ ግን ሰውን ከመውደቅ ሊጠብቅ የቆመው ነገር በሙሉ ከቦታው ጠፋ ማለት ነው። ለመሰበሩ ደግሞ የግድ ምት አያስፈልገውም። ሲመረት በውስጡ የቀረች፣ ዓይን የማያያት የኒኬል ሰልፋይድ ቅንጣት ከዓመታት በኋላ እንኳ መጠኗ ጨምሮ ልትሰብረው ትችላለች። አምራቾች መስታወቱን እንደገና በምድጃ አሙቀው እንከን ያለበት እዚያው እንዲሰበር በማድረግ ስጋቱን ይቀንሱታል እንጂ ፈጽመው አያጠፉትም።

ላሚኔትድ የሚባለው ግን ሁለት መስታወቶች መሃላቸው በገባ የፕላስቲክ ሽፋን ተጣብቀው የተሠራ በመሆኑ፣ አንደኛው ቢሰበር ስብርባሪው ከሽፋኑ ጋር ተያይዞ ይቀራል፤ ሌላኛውም የተሰበረው እስኪተካ ድረስ ጠርዙን ይዞ ይቆያል። በአሜሪካ የሚዘጋጀው «ዓለም አቀፍ የግንባታ ኮድ» የተባለው የግንባታ ደንብ፣ እ.ኤ.አ. በ2015ቱ እትሙ፣ ለመከላከያ የሚውለው መስታወት ላሚኔትድ እንዲሆን የሚጠይቅ ሲሆን፣ ነጠላ ቴምፐርድ የሚፈቅደው ከሥሩ ሰው የማይሄድበት ወይም ሥፍራው ከሚወድቅ መስታወት የተጠበቀ ሲሆን ነው። ይህ አቋም ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ በግል ቤትም ቢሆን ወጪ ለመቀነስ ሲባል ሊታለፍ አይገባውም።

ከመስታወቱ ዓይነት ቀጥሎ የሚያሳስበኝ አተካከሉ ነው። 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መስታወት በካሬ ሜትር 30 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ሰው በመስታወቱ አናት ላይ ሲደገፍ ደግሞ ግፊቱ ተባዝቶ የሚያርፈው የመስታወቱን እግር በያዙት ብሎኖች ላይ ነው። ስለዚህ ብሎኖቹ የሶሌታውን፣ ማለትም የወለሉን ተሸካሚ ንጣፍ፣ አርማታ ከጠርዙ በበቂ ርቀት መያዝ አለባቸው፤ ሊሾና ሴራሚክን ብቻ የያዘ ብሎን ውሎ አድሮ ይነቀላል። ይህ የሚሆነው መከላከያው ሶሌታው ከመሞላቱ በፊት ሲታሰብበት እንጂ ቤቱ ካለቀ በኋላ ሲታዘዝ አይደለም። የመስታወቱ ልክ ግን መወሰድ ያለበት ወለሉ ካለቀ በኋላ ነው፣ ምክንያቱም ከፍታው የሚቆጠረው ከሴራሚኩ ፊት ሲሆን፣ ቴምፐርድ ከሆነ በኋላ መስታወቱን መቁረጥም ሆነ መብሳት አይቻልም። መስታወትና ብረት በቀጥታ እንዳይነካኩ በመካከላቸው ጎማ ይግባ፤ እግሩ የሚቆምበት ቦይም ውኃ የሚያስወጣ ቀዳዳ ይኑረው፣ የተጠራቀመ ውኃ የላሚኔትዱን ሽፋን ከጠርዙ ጀምሮ ያላቅቀዋልና።

ቤታቸውን የሚረከቡ አንባቢዎች በእያንዳንዱ መስታወት ጥግ ላይ ዓይነቱን የሚገልጽ የአምራች ምልክት መኖሩን እንዲያዩ፣ ዓይነቱንና ልኩን የሚያሳየውን ወረቀትም ከቤቱ ንድፍ ጋር እንዲያስቀምጡ አደራ እላለሁ፤ አንዱ የተሰበረ ዕለት ምትኩ የሚታዘዘው በዚያ ወረቀት ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ