መጠጡ ምግብ እንዲፈጭ አይረዳም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ከእራት በኋላ የሚቀመስ መጠጥ «ምግብ እንዲፈጭ ይረዳል» ብላችሁ መጻፋችሁ አሳስቦኛል።

እምነቱ የቆየ ነው። ጣሊያኖች አማሮ (ከዕፅዋት የሚሠራ መራራ መጠጥ)፣ በፈረንሳይ ያሉ ኖርማንዲዎች ካልቫዶስ (የፖም አረቄ) ይጠጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1845 ሚላን ውስጥ የተጀመረው ፌርኔት ብራንካ የተባለ አማሮም እንደ መድኃኒት ይታይ ነበር። ልማዱ ደስ ይላል፤ እሱን አልነካም።

ጨጓራ ግን ሌላ ነው የሚለው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የስዊዘርላንድ ጥናት 20 ጤናማ ሰዎችን ፎንዱ (የቀለጠ አይብ) አብልቶ ተከታተለ። ወይንና የቼሪ አረቄ ሲጠጡ ምግቡ ከጨጓራቸው የወጣው ዘግይቶ ነው። ከእራት በኋላ የሚጠጡ ሰዎች ቅልል ያላቸው የሚመስላቸው አልኮሉ ስለሚያፍታታቸው ይመስለኛል።

ቃር ያለበት አንባቢ ጽሑፋችሁን አምኖ አንድ መለኪያ ቢጨምር ሌሊቱን ቃሩ ሊብስበት ይችላል። እባካችሁ፣ በሚቀጥለው እትም አስተካክሉት።

አንባቢያችሁ